ባለፈቃዱ ራሱ ይቅረብ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 14 ቀን

የምወድሽ ልጄ፣

አጠገቤ ብትሆኚ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር፤ አንድ ጊዜ ጮኼብሽ ይወጣልኝ ነበር። ጉንፋኑ ለቀቀሽ? እኛ አለን። አባትሽ ጉልበቱ እንደ ልማዱ እያመመው ነው፤ ምላሱ ግን ደህና ነው። እኔን ያመመኝ የወንድምሽ ጠመንጃ ነው።

በስልክ በደወልሽ ቁጥር "አስረክቢውና ተገላገዪ" ትይኛለሽ። ለአፍ ቀላል ነው። እዚህ ለማስረከብም ለመያዝም ወረፋው አንድ ነው።

ደንቡ የመሣሪያ ምዝገባ ክፍሉ በር ላይ ተለጥፏል። የጦር መሣሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ሲሞት፣ ቤተሰቡ ወይ በራሱ ስም ያስመዘግባል ወይ ያስረክባል። ወንድምሽ የእህል መጋዘኑን ሲጠብቅ በኖረበት ዘመን ሁሉ ፈቃዱን ሳያሳድስ የቀረበት ዓመት የለም። ያ የሳንባ ሕመም ከወሰደው በኋላ ደንብ አፍራሽ እንዲባል አልፈለግሁም። አባትሽም "የልጁ ዕቃ ነው፣ ከቤት አይወጣም፣ በአንቺ ስም ይሁን" አለ። የእሱ ሥራ መናገር፣ የእኔ ሥራ መመላለስ ሆነ።

የምዝገባ ክፍሉን ጸሐፊ ባለጉዳዩ ሁሉ "አቶ ነገ" ነው የሚለው፤ ለምን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ቀን ይበቃል። ፋይሉን አገላበጠና "ባለፈቃዱ ራሱ ይቅረብ" አለኝ።

"ሞቷል" አልኩት።

"ገባኝ እማማ። ግን ዝውውር የሚጠይቀው ባለፈቃዱ ነው።"

"እሱ መቅረብ ቢችል እኔን እዚህ ምን አመጣኝ?"

አሰበ፣ አሰበና ነገ እንድመጣ ነገረኝ።

የሞት ማስረጃውን ይዤ ስሄድ ደግሞ ቁጥሩ እንዲመሳከር ጠመንጃውን አምጪ ተባልኩ። እሺ ብዬ ልወጣ ስል፣ ያለ ፈቃድ መሣሪያ ይዞ መንገድ ላይ መገኘት እንደሚያሳስር አስጠነቀቀኝ። ፈቃዱን መቼ አገኛለሁ ብዬ ብጠይቀው፣ መሣሪያውን ሲያመጡ አለኝ። እንግዲህ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ይህን ፍቺልኝ።

አባትሽ መላ አገኘሁ አለ፤ ጠመንጃው ቤት ይቅር፣ ቁጥሩ ብቻ ይሂድ። ከቁም ሳጥን አውጥቶ አልጋ ላይ አጋደመው፣ ያለ መነጽር እያነበበልኝ ጻፍኩ። ወስጄ ብሰጥ፣ አቶ ነገ በዚህ ቁጥር የተመዘገበ መሣሪያ የለም አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ኮንትሮባንድ ነጋዴ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። እቤት ገብቼ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አድርጌለት ብናየው፣ ለካ ጠመንጃውን ገልብጦት ኖሯል። ዘጠኙን ስድስት፣ ስድስቱን ዘጠኝ፣ መጨረሻውን መጀመሪያ አድርጎ ነው ያስጻፈኝ። ብቆጣው፣ "ዋናው ቁጥር አለመጉደሉ ነው" አይለኝ መሰለሽ!

በመጨረሻ አንዲት ፖሊስ ቤት ድረስ ላኩልን። ጨዋ ልጅ ናት። ጥይት እንደሌለው አረጋገጠች፣ ቁጥሩን በትክክል ጻፈች። ከዚያ ሰደፉን ዳሰስ አድርጋ "እንዴት ያለ አያያዝ ነው፤ ማን ነበር የሚይዘው?" አለች። አባትሽ ብድግ ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ። እኔም ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሣሁ።

እንዲህ ነን። አባትሽ "ልጁ" ይላል እንጂ ስሙን አይጠራም። ጎረቤቶቹ እኔን ሲያዩ ወሬ ይቀይራሉ። አንቺም በስልክ "እሱ" ነው የምትይው። አልተቀየምኩሽም፤ ሁሉም የእኔን ዕንባ ፈርቶ ነው።

ያ ቢሮ ግን አይፈራም። ፋይሉ በወንድምሽ ስም ስለሆነ፣ ተራዬ ሲደርስ በሩ ይከፈትና አቶ ነገ በዚያ ጎርናና ድምፁ ስሙን ከነአባቱ ይጠራል። ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ይሰማል። መጀመሪያ ቀን ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። አሁን ቶሎ ብዬ "አቤት" እላለሁ።

ትናንት ታዲያ ወረቀቱ ሁሉ ተሟላ። እንደ እህትነትሽ መስማማትሽን በማህተም አስደግፈሽ የላክሽው ደብዳቤም ደርሷል። አቶ ነገ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ "ዛሬ" አለ። እስክሪብቶ አቀበለኝና፣ "እዚህ ጋ ይፈርሙ እማማ። ፋይሉ ወደ እርስዎ ይዞራል። ከእንግዲህ በራስዎ ስም ነው የምንጠራዎት" አለኝ።

እስክሪብቶውን እንደያዝኩ ደብዳቤሽን አየሁት።

"ማህተሙ ደብዝዟል" አልኩት።

"ይነበባል።"

"ለእኔ አይነበብም።"

"ለእኛ ይበቃናል እኮ እናቴ!"

አሟልቼ ነገ እመጣለሁ ብዬ እስክሪብቶውን መለስኩለት። ወረፋ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ቀስ ብሎ፣ የወሩ መጨረሻ ካለፈ ጠመንጃው ተወስዶ ፖሊስ መጋዘን እንደሚገባ፣ ከገባ በኋላ ደግሞ እንደማይመለስ ነገረኝ። አባትሽ ይህን አልሰማም። እንዳትነግሪው።

ስለዚህ ልጄ፣ ደብዳቤውን እንደገና አስጽፈሽ፣ ማህተሙን ጠበቅ አድርገው እንዲመቱልሽ ንገሪያቸውና ላኪልኝ። ከወሩ መጨረሻ እንዳያልፍ። በጣምም አትቸኩዪ፤ እስኪደርስ እኔ ብቅ እያልኩ እጠይቃለሁ።

እግርሽ የረገጠው መሬት ይቅናሽ፣ ክፉ አይይሽ፣ የሚያከብርሽ ሰው ይግጠምሽ። ብርድ ልብስ ደርበሽ ተኚ።

የሁለታችሁ እናት