ብርሃንን በምስማር ስለመቱልን

ለተከበሩ የኢንተርኔት ድርጅት ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ፣
የመንገዳችን የመጨረሻው ቤት አባወራ ለሆኑት ጎረቤታችን፣
መስመሩ ከደረሰ ባሉበት።

በሳሎናችን ከቴሌቪዥኑ ጎን ቀይ መብራቱን ሳያሰልስ ሲያበራ የኖረው የድርጅትዎ ራውተር ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ከኃላፊነቱ ተነሥቶ፣ የበረንዳውን በር ነፋስ እንዳይዘጋው ደግፎ እንዲይዝ የተመደበ መሆኑን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። በአዲሱ ሥራው አንድም ቀን ተቋርጦ አያውቅም።

ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? የእኔን ደህንነት የጠየቁ እንደሆነ፣ ከእርስዎ ከተለያየን ወዲህ የደም ግፊቴ ሳይቀር ወርዷል። ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. ፋይበር የሚባለው፣ ብርሃን የሚሄድበት እንደ ፀጉር የቀጠነ የመስታወት ክር መሆኑን እኛ እንኳ ሰምተናል። የላኩልን ባለሙያዎች ግን ገመዱን በበሩ ጉበን ላይ እንደ ወረቀት አጥፈው፣ እንዳይላቀቅ በምስማር መቱልን። ባለቤቴ «ወንድሞቼ፣ ይሄ አይሰበርም?» ብትላቸው፣ አንጋፋው «እትዬ፣ ብርሃን እኮ ነው፤ አጎንብሶ ያልፋል» አሏት። ብርሃኑ ግን ኩሩ ሆኖ ተገኘ።

፪. ባለቤቴ፣ እንደሚያውቋት፣ ሕፃናትን ከቤት ሆና በቪዲዮ ሂሳብ የምታስተምር መምህርት ናት። ከምስማሩ ወዲህ ማካፈል ጀምራ አፏን እንደከፈተች በልጆቹ ስክሪን ላይ ደርቃ ትቀራለች፤ ቀሪው ስንት እንደሆነ ሳይታወቅ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ወደ ቢሮዎ ስንደውል «አጥፍታችሁ አብሩት» ተባልን። አጠፋን፣ አበራን፤ እንደ ጸሎት ለመድነው። ምስማሩን የሚነቅል ሰው ብንጠይቅ ደግሞ፣ መምታት እንጂ መንቀል የእናንተ ክፍል ሥራ እንዳልሆነ በትሕትና ተነገረን።

፫. ይህ ሁሉ ይቅር። ትምህርት ቤቱ ባለቤቴን ጠርቶ «አንድ ወላጅ አጥብቀው አመልክተዋል፤ መስመርሽን ካላስተካከልሽ ክፍሉን ለሌላ እንሰጣለን» አላት። ያ ወላጅ እርስዎ ሆነው ተገኙ። ገድሎ ለቅሶ መድረስን ሰምተን እናውቃለን፤ ገድሎ ሟቹን መክሰስን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።

ያን ዕለት ባለቤቴ አላለቀሰችም፤ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ የጎረቤቱን በር ሁሉ ስታንኳኳ ዋለች። ልብስ ሰፊው፣ ፋርማሲስቷ፣ ጡረተኛው ሾፌርና ሌሎችም ተባብረን ከሌላ አቅራቢ አንድ ፈጣን መስመር በጋራ አስገባን። ለአንድ ቤት የማይቀመሰው ዋጋ ለመንገዱ ሁሉ ሲካፈል ቀለለ። ከቤት ወደ ቤት የሚሄደውንም ገመድ በቱቦ ከትተን ራሳችን ዘረጋነው፤ ጥግ በደረስን ቁጥር ሾፌሩ «ኩርባ ላይ ቀስ ነው ልጆች» እያሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለካ ስለ መስታወት ክርም ኖሯል። ባለቤቴ ክፍሏን አላጣችም፤ መላው መንገዳችንም ከአገልግሎትዎ ወጥቷል።

ረጅም ዕድሜና አጭር ምስማር የምመኝልዎ፣
ውለታዎን እስክመልስ እንቅልፍ የማይወስደኝ፣
የቀድሞ ደንበኛዎ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ አሁን በትምህርት መካከል አፏን ከፍታ የምትደርቀው የእርስዎ ልጅ ናት። ባለቤቴ ቀሪ አትላትም፤ ልጅ ምን አጠፋች።

ማረሚያ፦ ከላይ «መላው መንገዳችን ከአገልግሎትዎ ወጥቷል» መባሉ ሲጻፍ ስህተት ነበር፤ የእርስዎ ቤት ቀርቶ ነበር። ይሁን እንጂ ደብዳቤው ከመላኩ በፊት የተከበሩት ባለቤትዎ መጥተው «ለልጄ ስል ነው፤ አደራ፣ እሱ እንዳይሰማ» ብለው ስለተመዘገቡ፣ ዓረፍተ ነገሩ እንደተጻፈ ይጽና።