ቀይ እስክሪብቶዬ እና የብርቱካን ሽማግሌ

ሐሙስ፣ የካቲት ፲፪

የቀድሞ ተማሪዬ ብርቱካን ለጎንደሩ የአጭር ልቦለድ ውድድር የጻፈችውን እንዳይላት ሰጥታኝ ነበር። እንደ ልማዴ በቀይ እስክሪብቶ አረምኩት፤ በታሪኩ ውስጥ በአገሩ በበየዳ አነጋገር የሚያወራውን ሽማግሌ ንግግር ሁሉ የመማሪያ መጽሐፍ አማርኛ አደረግኩት። ዛሬ መጥታ ስታነበው ሳቀች።

«ጋሼ፣ ሽማግሌዬን እኮ ዜና አንባቢ አደረጉብኝ!»

ጮክ ብዬ ባነበው እውነቷን ነው። እንደ እሷ ሽማግሌ ያለ ሰው በወረቀት ላይ ማስነሣት እኔ አላስተማርኳትም፤ ከራሷ ነው። ሌላ ግልባጭ የላትም፤ ውድድሩ ደግሞ ነገ ይዘጋል። ተቀምጬ አሥራ ሁለቱንም ገጽ፣ ከቀዩ ሥር ያለውን የእሷን ጽሑፍ፣ አንድ ቃል ሳልነካ ገለበጥኩላት።

«ከአሥር ስንት ሰጡኝ?» አለችኝ ስትወጣ።

«ለደራሲ ማርክ አልሰጥም» አልኳት።

ያረምኩትን ለራሴ አስቀረሁት። ከቀዩ መስመር ሥር ሽማግሌው አሁንም ይናገራል።