የሂልከ ፋይል

ኖቬምበር 4፣ ማክሰኞ

ዝናብ። የብስክሌቴ ጎማ ተንፍሶ በእግሬ ገባሁ። ካልሲዬ ሳይቀር ርሷል። ፈተና አረምኩ። ከሊዝበን አንዲት የማላውቃት ተመራማሪ ኢሜይል ልካለች፤ ስለ ሂልከ ፋይል። ነገ አነበዋለሁ።

ኖቬምበር 5

አነበብኩት... ምነው ባላነበብኩት።

ልጅቷ ጨዋ ናት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እኔና ተማሪዬ ሂልከ የአንድ ፕሮቲን ቅርጽ ሠርተን፣ አተሞቹ የት የት እንዳሉ የሚያሳየውን ፋይል ለሁሉም ክፍት በሆነው የመረጃ ቋት ላይ አስቀምጠን ነበር። አንድ የቲቢ መድኃኒት ፕሮቲኑ መሃል ባለችው ጎድጓዳ ቦታ ገብቶ ተቀምጧል ብለን። እሷ ፋይሉን አውርዳ ከጥሬ መረጃው ጋር አስተያየችው። መድኃኒቱ አልታየኝም፣ የታየኝ ውሃ ብቻ ነው ትላለች።

ምን ልበላት? ፋይሉ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ስም የሂልከ ነው። ሂልከ ደግሞ ካረፈ ሦስት ዓመቱ።

ኖቬምበር 6

ኮምፒውተሬ ላይ የጥሬ መረጃውን ካርታ ከፈትኩ። አተም ያለበትን ቦታ የሚያሳየውን ሰማያዊ መረብ። መድኃኒቱን ከሥዕሉ አነሳሁና ባዶውን ቦታ አየሁት። አራት ትንንሽ ድቡልቡሎች። ውሃ። አለቀ። መድኃኒት እንዲሆንለት የጓጓ ሰው ካልሆነ እዚያ መድኃኒት አያይም።

የጓጓው ማን ነበር? ሂልከ?

እኔ ነኝ እንጂ።

ኖቬምበር 9፣ እሑድ

ሂልከ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ስክሪኑን ወደኔ አዞረና "ፌና፣ ውሃ ነው መሰለኝ" አለኝ። ሁለት ዓመት ለፍተንበታል... እስቲ ደህና አድርገህ እይ አልኩት። እንደገና አየ። እንጃ አለ። በሦስተኛው ቀን፣ መድኃኒቱ ሳይሆን አይቀርም አለ። እኔም ደስ ብሎኝ ኬክ ገዛሁ። ኬክ!

ኖቬምበር 11

ለክፍል ኃላፊያችን ለዊብረን ነገርኩት። አሮጌ ፋይል ማን ያየዋል አለ። ታየ እኮ አልኩት። ድምፁን ዝቅ አደረገና "ታዲያ ሥራው የሂልከ ነበር በያ። እሱን ከእንግዲህ ምን ይጎዳዋል?" አለኝ።

አፈርኩ። በሱ አይደለም። ይኸው ሐሳብ ትናንት ለኔም መጥቶልኝ ነበር።

ኖቬምበር 13

ለልጅቷ እስካሁን አልመለስኩም። ፈሪ።

ኖቬምበር 15፣ ቅዳሜ

በአውቶቡስ ወደ ዶኩም ከተማ፣ የሂልከ እናት ጋ። እማማ አውኪየ ሰማንያ ሁለት ሞልቷቸዋል። ሽንት ቤት የተሰቀለው፣ የዘመድ ልደት የሚጻፍበት ካላንደር ላይ ስሙ አልተሰረዘም፣ ማርች 2። ሳሎን ደግሞ ያ ፕሮቲን፣ ትልቅ ሆኖ ታትሞ፣ በፍሬም። መድኃኒቱ ብርቱካናማ። ሻይ ቀዱልኝ፣ አንድ ብስኩት ሰጡኝና የብስኩቱን ቆርቆሮ ከደኑት።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ፋይሉን ከመረጃ ቋቱ ላስነሳው እንደሆነ፣ ጥፋቱም የኔ እንደሆነ።

"ውሃ ነው ብሎኝ ነበር" አሉ።

"መቼ?"

"ያኔውኑ፣ በስልክ። እኔ የማየው ውሃ ነው፣ ፌና ግን መድኃኒት ነው ትላለች፣ እሷ ደግሞ አትሳሳትም አለኝ። ከዓይኑ ይልቅ አንቺን አመነ፣ ልጄ።"

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ አለቀስኩ፤ ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሴትዮ ሶፍት ሰጡኝ።

ኖቬምበር 19

አሮጌው ፋይል እንዲነሳ ጠየቅኩ። የተስተካከለውን ላክሁ፣ ውሃው በቦታው። ጥሬ መረጃው የሂልከ ነው፣ አንድ እንከን የለበትም። ስሙ እንደገና መጀመሪያ ላይ። ቅጹ ላይ ምክንያቱን ስሞላ፣ ውሃ መሆኑን ሂልከ ያኔውኑ አይቶ ነበር፣ መድኃኒት ነው ያልኩት እኔ ነኝ ብዬ ጻፍኩ። ለሊዝበኗም ይህንኑ። ዊብረን ሰላም አይለኝም። አይበለኝ።

ዲሴምበር 3

አዲሱ ፋይል ዛሬ ወጣ። ለእማማ አውኪየ ደወልኩላቸው። ሥዕሉን ከግድግዳው አውርደውታል።

"ያኛው ያንቺ ነው" አሉኝ። "የልጄን ላኪልኝ።"

አተምኩት። ከጀርባው ምን እንደምጽፍ ጠፋኝ... የሂልከን ስም ብቻ ጽፌ ፖስታ ቤት ወሰድኩት።