አርፈው መቀመጥ የነበረባቸው ሴሎች

ለወንድሜ ለኦቶ፣ ሮተርዳም

እንደምን ከርመሃል ወንድም ጋሼ? እዚህ ሴገድ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬም ወገቤን ከማለት በቀር ደህና ናት።

ቤተ ሙከራችን ያው ነው። አሁን የያዝነው ኢንዛይም ሁለት ዓይነት አለው፤ አንዱ በየሴሉ አስኳል ውስጥ ይገኛል፣ ሌላው ግን ሴሉ ሲከፋፈል ብቻ። ይሄኛውን አረንጓዴ እናቀልመዋለን። ለማነጻጸሪያ የራሳችንን ደም በተራ እንቀዳለን፤ የጤነኛ ሰው የደም ሴል አርፎ የተቀመጠ ስለሆነ ጨለማ ነው የሚታየው። ሰኞ ተራው የኔ ነበር። ባልደረባዬ ቲሜአ በማይክሮስኮፑ አየችና፣ «አንቺ ኢቦያ፣ ደምሽ ውስጥ ሰርግ አለ እንዴ? አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆነ እኮ!» ብላ ሳቀች። «ብልቃጥ ተቀያይሮብኝ ነው» ብዬ አብሬያት ሳቅኩ። ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ እንደገና ቀድቼ አየሁት። አልተቀያየረም። ደሜን የቀባሁበት የማይክሮስኮፕ መስታወት እስካሁን ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ነው።

አባዬን ያ የደም በሽታ መጀመሪያ ሲጀምረው ደረጃ ሲወጣ ድካም ነበር ወይስ የድድ መድማት? እማዬን መጠየቅ አልፈለግኩም፤ እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው።

በል ሰላም ሁንልኝ፣ ብርዱን ተጠንቀቅ። ለፋሲካ ብትመጣ የዓሣ ሾርባ እሠራልሃለሁ። ከፋሲካ በፊት ብትመጣ ደግሞ የተሻለ ነው። የደምህን ዓይነት ታውቀዋለህ? መልሱን በቤት አድራሻ አትላክ፤ ፖስታውን እማዬ ናት የምትከፍተው።

እህትህ ኢቦያ