ሻጋታዬን በነፍሳት መግደያ ላከሙልኝ ኃላፊ

ለተከበሩ የአካባቢያችን የዕፅዋት ጥበቃ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ለማያልቀው ስብሰባዎ ጤና እመኛለሁ። እኔ ከባለቤቴ ጋር በጓሯችን ሦስት መቶ ግንድ ወይን የምንከባከብ ጡረተኛ መምህር ነኝ። መሥሪያ ቤትዎ የዋለልኝን ውለታ በአደባባይ ባላመሰግን ኅሊናዬ እንቅልፍ ይነሳኛል።

፩ኛ፦ ከወር በፊት በጥቂት ቅጠሎች ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ሻጋታ ባየሁ ጊዜ፣ የታመመውን ቅጠል በፖስታ አሽጌ ቢሮዎ አመጣሁ። ጸሐፊዎ በትሕትና ተቀብለው ቁጥር ሰጡትና መዝገብ ቤት አስገቡት። ከእኔ ይልቅ ቅጠሉ ተስተናገደ።

፪ኛ፦ መልስ ሲጠፋ እኔና ባለቤቴ የታመመውን እየለቀምን አቃጠልን፤ አየር እንዲዘዋወር ቅርንጫፉን አሳሳን፤ ነፋስ ሳይነሳ ማልደን በልኩ የተበጠበጠ ድኝ ረጨን። ሻጋታው ማፈግፈግ ሲጀምር የርጭት ቡድንዎ በጠራራ ፀሐይ፣ ነፋሱ ባርኔጣ በሚነጥቅበት ሰዓት ደረሰልን። «ይህ ሻጋታ ነው፤ እናንተ የያዛችሁት የነፍሳት መግደያ ነው» ብዬ ብማጸን፣ የቡድኑ መሪ «አባባ፣ እኛ የታዘዝነው እንድንረጭ ነው» ብለው ረጩ። የበር ቁልፉን የሰጠኋቸው እኔ መሆኔ ዛሬም ያንገበግበኛል።

፫ኛ፦ ሻጋታው አንዳች ጉዳት ሳይደርስበት በሰላም ተርፏል። አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ግን ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በስምንት ቀፎ ንብ ነበር። በማግስቱ ስሄድ የሞቱትን በመጥረጊያ ትሰበስባለች። «ጋሼ፣ እርስዎም?» አለችኝ እንጂ አልተቆጣችም። ብትሰድበኝ በቀለለኝ። ባለቤቴ ሄዳ ብታስረዳትም ሰላምታዋ እንደ ድሮው አልሆነም።

፬ኛ፦ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ «ርጭቱ መቶ በመቶ ተሳክቷል» የሚል ሪፖርት አነበብኩ፤ እንኳን ደስ ያለዎ። ከዚህ ስኬት ላይ አንዲት መስመር ብቻ ቆርሰው፣ «የረጨነው እኛ ነን» ብለው በማኅተም ለጎረቤቴ ይጻፉላት።

በታላቅ አክብሮት፣
በውለታዎ ብዛት ከጎረቤቱ ዐይን የሚሸሸው፣ ትሑት ወይን ጠባቂ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከመሥሪያ ቤትዎ ሰዎች አንዱ ትናንት ቤቴ መጥተው፣ በጓሯቸው ወይን ላይ ነጭ ዱቄት እንደታየ ነግረውኝ ምክር ጠየቁ። «ለምን ለቢሮዎ አያመለክቱም?» ብላቸው፣ «ኧረ ጋሼ! ወይኔን ሊያስፈጁት ነው?» አሉኝ።