ከትምህርት ቤት በፊት የተነገረ መርዶ

ውዴ ትርሲት፣

ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት አለፈ። ጣራው አሁንም በአንቺ አልጋ በኩል ያፈሳል፤ ባልዲውም ቦታውን አልለቀቀም። ሌላው ሌላው ግን ተለውጧል። ትተሻት ስትሄጂ ውሃን "ዋዋ" ትል የነበረችው ልጃችን ሶሊያና አራት ዓመቷን ደፍና ኬጂ ገባች። ይህን የምጽፍልሽ የመኪና መለዋወጫ ሱቁ ውስጥ፣ በፊልትሮና በፍሬን ሸራ መካከል ተቀምጬ ነው። ዛሬ በአየር ጤና መኪና የተበላሸበት ሰው ያለ አይመስልም፤ እግዜር ይስጣቸው።

ዝግጅቱን የጀመርነው ሰኔ ላይ ነው። እጅ መታጠብ፣ ሽንት ቤት ብቻዋን መሄድ፣ የሹራብ ቁልፍ መቆለፍ፣ ምሳ ዕቃ መክፈት። ምሳ ዕቃ መክፈቱን ቶሎ ለመደችው። ችግሩ ምሳዋን ከቤት ሳትወጣ መጨረሷ ነበር።

ነሐሴ ላይ ቀራንዮ በኩል ወዳለ ትምህርት ቤት ወሰድኳት። ግድግዳው ላይ ቀጭኔ ነው ብለው ያመኑበት እንስሳ ተስሏል። ለአራት ዓመት ልጅ ቃለ መጠይቅ እንዳለ ታውቂያለሽ? እኔ ሱቅ ስቀጠር የተጠየቅሁት "ትሰክራለህ?" ብቻ ነበር። ልጅሽ ስሟን ከነአያቷ ተናገረች፣ ቀለማቱን ለየች። በመጨረሻ መምህርቷ ፈገግ ብላ "እማዬስ የት ናት?" ስትላት ሳታቅማማ መለሰች።

"ዱባይ፣ ጸበል ውስጥ።"

መምህርቷ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ቀጭኔውን አያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንቺ ያረፍሽ ሰሞን ልጅቱ ስትጠይቅ እናትሽ "ጸበል ሄዳለች" አሏት። ወንድምሽ ዳዊት "ዱባይ ናት፣ አሻንጉሊት ታመጣልሻለች" አላት። እኔ ደግሞ በጠየቀችኝ ቁጥር ጫማዋን ማሰር እጀምር ነበር። ሶሊያና ሁላችንንም አክባሪ ልጅ ናትና ማንንም ሳታስቀይም አገጣጥማ ያዘችው።

ይሄስ ባልከፋ። ስንመለስ መንገድ ላይ እጄን ጎተት አድርጋ፣ "አባቢ፣ ትምህርት የሚከፈት ቀን እማዬ በሩ ላይ ትመጣለች አይደል?" አለችኝ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች አንድ ቀን አልተኛም ስትላቸው ለማባበል ቃል ገብተውላት ኖሯል። ልጅሽ ክረምቱን ሙሉ ሹራብ መቆለፍ የተማረችው ለትምህርት ሳይሆን አንቺን ለመቀበል ነበር። ያን ጊዜ ወሰንኩ። ያ በር ሳይከፈት እውነቱን ከእኔ ትሰማለች።

እንደ ልማዴ መጀመሪያ መጽሐፍ ፈለግሁ። አንድ የፈረንጅ መጽሐፍ ለልጅ ስለ ሞት ስትናገሩ ቤት ውስጥ በሞተ ዓሣ ጀምሩ ይላል። ዓሣ የለንም። ዶሮ አለን፤ ግን በእኛ ቤት ዶሮ ሞቶ ያለቀሰ ሰው የለም፣ የሚለቀሰው በሽንኩርቱ ነው። መጽሐፉን ዘጋሁት።

እናትሽን ሳማክራቸው ተቆጡ። "ልጅ መርዶ ይነገራታል እንዴ? ስታድግ ትደርስበታለች። አንተ ልብ የለህም?" አሉኝ። እኔም፣ "እማማ፣ በሩ ላይ ቆማ 'እማዬ ሳትመጣ አልገባም' ብትል ማን ያስገባታል? እርስዎ ያስገቧታል?" አልኳቸው። ተነሥተው ወጡ። በማግስቱ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና ቆመው ተናገሩ። "እንግዲያው በወጉ ይሁን። እሷም እንደ ሰው እርሟን ታውጣ።"

በወጉ ማለት ምን እንደሆነ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ገባኝ። እናትሽ፣ እትዬ ዘነበች፣ ዳዊት፣ የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ተሰማ ሁሉም ነጠላ አዘቅዝቀው መጡ፤ ሶፋው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ወጉ መርዶ የሚነገረውን ሰው ቀስቅሶ ማርዳት ነው፤ የተኛ ሕፃን ለመቀስቀስ ግን አንዳቸውም አልደፈሩም። ስለዚህ ጠበቅናት። ጋሽ ተሰማ ስንቱን ቤት በለቅሶ ያነጉ ሰው፣ ጥንቸል በተሳለበት ብርድ ልብስ ፊት ለፊት እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ።

በመጨረሻ ዓይኗን እያሻሸች ተነሣች። ሁሉንም በየተራ አየቻቸው። "ዛሬ በዓል ነው?" አለች። እናትሽ ነጠላቸውን ሳብ አደረጉ። "ሽንቴ መጣ" አለችና ብቻዋን ሄደች፤ ሽማግሌዎቹም በአክብሮት ጠበቁ። ስትመለስ ጋሽ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠርገው "ልጄ፣ የአዳም ልጅ ሁሉ መንገደኛ ነው..." ብለው ጀመሩ። ሶሊያና ዙሪያዋን ቃኝታ "አዳም የቱ ነው?" አለቻቸው። ሽማግሌው ወደ እኔ አዩ። እዚያ ላይ ወጉ አለቀ።

ተንበርክኬ እጇን ያዝኩ። "ሶሊዬ፣ እማዬ ሞታለች። ዱባይ አይደለችም፣ ጸበልም አይደለችም። ታማ ነበር፤ መዳን አልቻለችም፤ ሞተች። ትምህርት ሲከፈት አትመጣም። የምወስድሽም የምመልስሽም እኔ ነኝ" አልኳት።

"በሩ ላይም?" አለች።

"በሩ ላይም።"

አላመነችኝም። ዞራ አያቷን አየች። እናትሽን ታውቂያቸዋለሽ፤ በእነዚህ ሁለት ዓመታት ልጅቱ ፊት አንድ ጠብታ አላወጡም። ሲብስባቸው ጓሮ ቧንቧው ዘንድ ይሄዱና ፊታቸውን ታጥበው ይመለሱ ነበር። ያን ቀን የትም አልሄዱም። "እውነቱን ነው፣ የኔ እናት" አሉና እዚያው አለቀሱ። ሶሊያናም አለቀሰች። መጀመሪያ ለአያቷ፣ ቆይታ ለአንቺ። ልዩነቱን ከድምጿ ለየሁት። እትዬ ዘነበች እግሯ ሥር ተቀምጠው "ይቅር በይኝ፣ እኔ ነኝ የዋሸሁሽ" ሲሏት በለቅሶዋ መሀል እሺ ብላ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ዳዊት ውጭ ወጥቶ ቆየ። ጋሽ ተሰማ ሲሰናበቱኝ "በዚህ ዕድሜዬ እኔው ተረድቼ ሄድኩ" አሉኝ።

ሳምንቱ ቀላል አልነበረም። ሌሊት ተነሥታ ጠርታሻለች። ሹራቡን አልለብስም ብላ ወርውራዋለች። አንድ ቀን ደግሞ "ለምን ነገርከኝ?" አለችኝ። ግን ወደ ኋላ አላልኩም።

ትምህርት ሲከፈት ይዣት ሄድኩ። በሩ አካባቢ ገበያ መስሏል፤ አንዱ ልጅ የአባቱን ሱሪ አንቆ ይጮኻል፣ አንዷ ጭቃው ላይ ተዘርግታለች። ልጅሽ ግራና ቀኝ አላየችም። ማንንም አልፈለገችም። የቦርሳዋን ማንገቻ አስተካክላ፣ እጄን ለቃ፣ ቀጥ ብላ ገባች።

ግራና ቀኝ ያየሁት እኔ ነኝ፣ ትርሲት። መንገዱን እስከ ጫፍ አየሁት።

ከሰዓት ስመልሳት ስለ አንቺ መጠየቅ ጀመረች። እናትሽ ፊት ስምሽን መጥራት ከተፈቀደ ወዲህ ጥያቄዋ አያልቅም። "መዝፈን ትችል ነበር?" አለችኝ። "አትችልም ነበር፤ ግን አታቋርጥም ነበር" አልኳት። ይህ በጣም አስደሰታት። "ትቆጣ ነበር?" አለች። አዎ፣ በተለይ ቆመሽ ስትጠብቂኝ ሳረፍድ።

እንግዲህ ቃሌ ይህ ነው። ለልጅሽ መልአክ አድርጌ አልስልሽም፤ መልአክ ከሆንሽማ እንደገና ሩቅ አገር ላክንሽ ማለት ነው። ሳቅሽንም ኩርፊያሽንም፣ ያበላሸሽውን ወጥና በግትርነትሽ የረታሽውን ክርክር እንዳለ እነግራታለሁ። የማላውቀውን እናትሽን እጠይቃለሁ። ማንም የማያውቀውን ደግሞ አላውቅም እላታለሁ። ጫማዋን ማሰርም ራሷ ለምዳለች፤ ከእንግዲህ ስትጠይቀኝ አጎንብሼ የማመልጥበት የለኝም።

ባልሽ