የዋስ ያለህ

ሰኞ፣ ሰኔ 7

ጌጡ ቅጹን ወረወረልኝ። ሰጠኝ ብዬ አልጽፍም፣ ወረወረልኝ። "ዋስሽን ይዘሽ ነይ፣ ከዚያ እንነጋገራለን" ብሎ ወደ ስልኩ ዞረ። የምርምር ጣቢያችን ኃላፊ ነው። የገብስን ቡቃያ ከስንዴ እንደማይለይ ጣቢያው በሙሉ ያውቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውጭ አገር ለአራት ዓመት የዶክትሬት ምርምር የሚያሠራ ገንዘብ አግኝቻለሁ። ከስንት አገር ሰው ጋር ተወዳድሬ፣ እኔ፣ እዚህ ላሊበላ ተቀምጬ መብራት በሌለው ማይክሮስኮፕ ፀሐይ በመስታወት እያስገባሁ ዋግ የሚባለውን የገብስ በሽታ ሳይ የኖርኩት። ገንዘቡ ግን የሚሰጠው ተመልሶ አገሩ ለሚሠራ ሰው ነው። ስለዚህ መሥሪያ ቤቴ "ትሂድ፣ ቦታዋ ይጠብቃታል" ብሎ መጻፍ አለበት። መሥሪያ ቤቴ ደግሞ ያለ ዋስ አይጽፍም። ደብዳቤው ለገንዘብ ሰጪዎቹ እስከ መጪው ሰኞ ካልደረሳቸው ዕድሉ ለተጠባባቂ ይሰጣል። አንድ ሳምንት አለኝ።

ዋሱ መሆን ያለበት፦
ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛ።
ደመወዙ ከእኔ የማያንስ።
ለሌላ ሰው ዋስ ያልሆነ።
ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ተስማምቶ የፈረመለት።
እኔን የሚያምን። ይህን ቅጹ አይልም፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት።

ለዚህ ሁሉ ጣጣ የሚመሰገነው ታደሰ ነው። ከጎኔ ባለው ጠረጴዛ ይሠራ የነበረ የአፈር ተመራማሪ። ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ መንገድ ለትምህርት ወጣና እዚያው ቀረ። ዋሱ ጋሽ ምስጋናው ነበሩ፣ ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ ያስተማሩኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ከደመወዛቸው ይቆረጣል። ያኔ ታደሰን ይዤ ቤታቸው የሄድኩት እኔ ነኝ። "ጨዋ ልጅ ነው፣ አይዋሽም" ያልኩትም እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ምስጋናውን ከሩቅ ካየሁ በሌላ ቅያስ እታጠፋለሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 8

ዛሬ የጠየቅኳቸው፦

የእህቴ ባል። "ቤት እየሠራሁ ነው" አለ። ቤቱን መሥራት ከጀመረ አምስት ዓመቱ ነው። ዋስ የሚጠይቀው በመጣ ቁጥር አንድ ቆርቆሮ ይጨምርበታል መሰለኝ።

የጣቢያችን መዝገብ ቤት ሠራተኛ። ሳቀች። ክፋት የለባትም፣ ከልቧ ነው የሳቀችው።

ኮን ከተማ የሚሠራው የድሮ የክፍል ጓደኛዬ። በስልክ። "ሚስቴን ላማክር" ብሎ ዘጋው። ሚስት የለውም።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እዚህ እባቡ የነደፈው አንድ ሰው ነው፣ የሚበረግገው ግን ከተማው በሙሉ ነው።

ማታ እህቴ የሺ፣ ባሏን ላለመውቀስ ይመስለኛል፣ እኔን ወቀሰች። "ዋስ ከየት የሚገኝ መሰለሽ? ከማኅበር ነው። የማርያም ማኅበር ግቢ ብለን ስንለምንሽ ጊዜ የለኝም አልሽ። ከሰው ጋር ጽዋ ያልጠጣን ሰው ማን ብሎ ያውቀዋል?" እውነቷን ነው፣ እውነቷን ስለሆነም ተጣላኋት። ሰዎቹ በወር አንድ ቀን እየተሰበሰቡ ሲበሉና ሲጠጡ እኔ ማሳ ውስጥ የታመመ ቅጠል እየቆጠርኩ ነበር። ያን ጊዜ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ከማኅበሩ ሴቶች አንዷ የምትፈርምልኝ ቢሆን ደግሼ በጠራኋቸው ነበር።

ረቡዕ፣ ሰኔ 9

ፈቃድ ጠይቄ ገነተ ማርያም ሄድኩ፣ አባቴ ዘንድ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፣ ገበሬ ዋስ አይሆንም። ሲያርሱ ደረስኩ። በሬዎቹን አቁመው አዳመጡኝ።

"እኔ ዋስ ልሁንሻ።"

"ደመወዝተኛ ነው የሚፈልጉት፣ አባዬ።"

"ቀዩን በሬ ላስይዝላቸው።"

"በሬ አይቀበሉም።"

"መሬቱንስ?"

"መሬቱ የመንግሥት ነው ይሉዎታል።"

"ስገብርበት ግን የእኔ ነው" አሉና እርፉን ያዙ። ሁለት ትልም ከሄዱ በኋላ ዞር ብለው፣ "ሄደሽ ትመለሻለሽ አይደል?" አሉኝ። አዎ አልኩ። ያልሰሙ መስሎኝ ደግሜ አዎ አልኩ።

ይህን የሚያነብ የለምና ልጻፈው። መመለስ አልፈልግም። ዕድሉን ያገኘሁ ዕለት ነው የወሰንኩት። አምና መብራት ስድስት ቀን ጠፍቶ የሁለት ዓመት ናሙናዬ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲበሰብስ ጀነሬተሩ ነዳጅ አልነበረውም። ነዳጁ ጌጡን ስብሰባ ይዞ በሄደው መኪና ውስጥ ነበር። የበሰበሰውን ቅጠል በእጄ እየጠረግሁ አለቀስኩ። ሲመለስ "ሪፖርቱ ላይ ግን ተሠርቷል በይ" አለኝ። እና ለዚህ ነው የምመለሰው?

ሐሙስ፣ ሰኔ 10

ኢንተርኔት ቤቱ ዛሬ ይሠራል። ታደሰ ጽፎልኛል። ሁሉንም በተራ አስቀምጦታል፤ መጀመሪያ ዶክትሬቱን ጨርሺ፣ በሁለተኛው ዓመት ሌላ ቤተ ሙከራ መፈለግ ጀምሪ፣ ከዚያ የሁለት ዓመት የምርምር ቅጥር፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ የመኖሪያ ፈቃድ። "የምርምር ገንዘብ የሚከተለው ስምሽ ያለበትን የታተመ ጽሑፍ ነው እንጂ አገርሽን አይደለም" ይላል። መጨረሻ ላይ፣ "ዋስ ብቻ አግኚ። የኋላውን እርሺው፣ ሁሉም ይረሳዋል።"

ስለ ጋሽ ምስጋናው አንድ ቃል አላነሳም። እንዴት ናቸው እንኳ አላለም። ሦስቴ አነበብኩት፣ ባነበብኩት ቁጥር የበለጠ ጠላሁት። ምክሩን ግን በወረቀት ገልብጬ ቦርሳዬ ከተትኩ።

ከሰዓት በኋላ ግምገማ ነበር። ጌጡ ተራዬ ሲደርስ ውጭ ለመማር መሯሯጤ የኪራይ ሰብሳቢነት ዝንባሌ ነው አለ። ከምርጫው ወዲህ አፉ ይበልጥ ስሏል። "አርሶ አደሩን ጥላ ነው የምትሄደው" ሲል አርሶ አደሩ ትናንት በሬውን ሊያስይዝልኝ እንደነበር ልነግረው ፈለግሁ። ሒሴን ዋጥኩ። "ተቀብያለሁ" አልኩና ተቀመጥኩ።

ዓርብ፣ ሰኔ 11

ሁለት ሰው ጠየቅኩ። ሁለቱም እምቢ አሉ። አንደኛው እንኳ እምቢ ለማለት ከወንበሩ አልተነሣም።

ጌጡ በሩ ላይ ቆሞ "ተገኘ?" ይለኛል። በወጣሁ በገባሁ ቁጥር። ሰኞ ጠዋት ደግሞ መስክ እወጣለሁ እያለ ነው፤ የማይወጣ ሰው።

ራሴን አሞኛል። ሰውን ሁሉ ጠልቻለሁ፣ ከሁሉም በላይ ራሴን።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 12

ዛሬ የቅዱስ ላሊበላ በዓል ነው። የሺ ጎትታ ወሰደችኝ። ቅዳሴ ሲያልቅ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ላይ በሚያወጣው ጠባብ የቋጥኝ መንገድ እየተጋፋ ወጣ፤ እኔም መሐል ሆንኩ። ከፊቴ የቆሙት ሴትዮ ዞር ሲሉ እትዬ ፈንታዬ ናቸው፣ የጋሽ ምስጋናው ባለቤት፣ ጤና ጣቢያ የሚሠሩት ነርስ። በግራም በቀኝም ግድግዳ ነው፣ መታጠፊያ ቅያስ የለም።

"ዋስ አጣሽ አሉ።"

"አዎ፣ እትዬ።"

"እኛን ለምን አልጠየቅሽም?"

"በምን ዐይኔ?"

"እሱስ ልክ ነሽ" አሉ።

ላይ ከወጣን በኋላ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ "እኔ እፈርምልሻለሁ" አሉኝ። ለማመስገን ጎንበስ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

"እንዳይመስልሽ። እኔ አንቺን አልወድሽም። ያን ልጅ ቤቴ ያመጣሽው አንቺ ነሽ። ምስጋናው የፈረመለት ስለወደደው ነው፤ የወደዱት ሰው ጉዱ አይታይም። አንቺን ግን ደህና አድርጌ አይሻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ይፈርሙልኛል?"

ልጃቸው ትዕግሥት ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትናለች። እንደ እኔ የሰብል በሽታ ተመራማሪ መሆን ነው የምትፈልገው፣ ይህን ሐሳብ ማን እንዳስያዛት ባይታወቅም። "ተምራ ተቀጥራ፣ የዛሬ አራት አምስት ዓመት እሷም ይህን ቅጽ ተሸክማ በየሰው በር ትዞራለች" አሉ። "ያኔ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ የጡረተኛ ዋስ አይቀበሉም። አባቷ በዚያ ልጅ ዋስነት ታስሯል፣ ማን እንዳሰረው ታውቂያለሽ። ለሷ የምትፈርሚላት አንቺ ነሽ። ዛሬ እኔ ላንቺ፣ ነገ አንቺ ለልጄ። ወንፈል ነው።"

"እምላለሁ" አልኩ። ቶሎ ብዬ ነው ያልኩት።

"መሐላማ ያም ምሏል፣ መደቤ ላይ ቁጭ ብሎ። አትማዪልኝ። ወንፈል ነው አልኩሽ" ብለው ሄዱ።

እሑድ፣ ሰኔ 13

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቀኑን ሙሉ ተናድጄ ዋልኩ።

ወንፈል ምን እንደሆነ ለእኔ መንገር አያስፈልግም፣ የአራሽ ልጅ ነኝ። ዛሬ አንተ የእኔን ታጭዳለህ፣ ነገ እኔ ያንተን። ወረቀት የለውም፣ ፊርማ የለውም። ልጅ ሆኜ በሰፈራችን አንድ ሰው ነበር፣ የሰው ጉልበት በልቶ ተራው ሲደርስ ገበያ የሄደ። ማንም አልሰደበውም። ሰላም ይሉታል፣ አብረውት ይጠጣሉ። በመኸሩ ግን አንድ ሰው አልመጣለትም። ገብሱ በቁሙ ቆይቶ በረዶ መታው። በኋላ ልጁ ጎጆ ወጥቶ ወንፈል ሲጠራም ያባቱ ነገር ተነሣበት።

ሴትዮዋ የያዙኝ እዚህ ላይ ነው። መንግሥትን ማታለል አስቤ ነበር፤ አዎ፣ አስቤ ነበር፣ እንቅልፍም አልነሣኝም። ጌጡን ማታለልማ ጽድቅ ነው። ደመወዝ የሚቆረጥበት ዋስ እንኳ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ከውጭ እየላክሁ እከፍልለታለሁ ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ለትዕግሥት መፈረም ግን ከውጭ የሚላክ ነገር አይደለም። እዚህ ሆኖ፣ ቋሚ ሠራተኛ ሆኖ፣ እዚሁ የመንግሥት ደመወዝ እየበሉ ነው።

እምቢ ልበላቸው ብዬ ሁለቴ ነጠላዬን አነሣሁ። ሁለቴም መልሼ ሰቀልኩት። እምቢ ካልኩ አልሄድም። እሺ ካልኩ መቅረት አልችልም። አርባ ዓመት መርፌ ሲወጉ የኖሩ ሴትዮ እኮ ናቸው፣ የት ላይ እንደሚወጋ ያውቃሉ።

ሰኞ፣ ሰኔ 14

በሁለት ሰዓት ጣቢያው በር ላይ ነበሩ፣ ባልና ሚስት ሁለቱም። ጋሽ ምስጋናውን በቅርብ ካየሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ሸብተዋል። ጫማቸው ተረከዙ ላይ በጎማ ተጠግኗል። ሰላም ስላቸው በአንገታቸው ብቻ መለሱልኝ።

ጌጡ መስክ አልወጣም፣ እንደገመትኩት። እትዬ ፈንታዬ የፈረሙበትን ቅጽ ገለበጠ፣ ደመወዛቸውን አየ፣ ጥፋት ፈለገ። "ባለትዳር ከሆነች ባሏ መፈረም አለበት" አለ፣ ባል እንደማይመጣ እርግጠኛ ሆኖ። ጋሽ ምስጋናው ከበሩ ጥግ ተነሥተው መጡ። ብዕር ተቀብለው ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበቡት፣ ፈተና ሲያርሙ እንደሚያነቡት። ከዚያ ፈረሙ። ብዕሩን ለእኔ ሲመልሱ፣ "ቅጹን ያዘጋጁት አራተኛው መስመር ላይ ሰረዝ ረስተዋል" አሉኝ። ብሰደብ ይሻለኝ ነበር።

ማኅተሙ ተመታ። ጌጡ ፊቱን ፈገግ አድርጎ "ተመልሰሽ አገርሽን አገልግዪ" አለ። አሜን አልኩት።

በስድስት ሰዓት ደብዳቤው ተላከ። በዘጠኝ ሰዓት "ደርሶናል፣ ቦታሽ ተረጋግጧል" የሚል መልስ መጣ። የኢንተርኔት ቤቱ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። እሄዳለሁ። እውነት እሄዳለሁ። ለታደሰም ጻፍኩለት፤ "የፈረሙልኝ እትዬ ፈንታዬ ናቸው፣ ጋሽ ምስጋናውም አብረው ፈርመዋል" ብቻ። እስካሁን አልመለሰም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የቤቴ በር ተንኳኳ። ትዕግሥት ናት። ደብተር ይዛለች። ፊቷ እንደ እናቷ ነው፣ ለማስደሰት አይሞክርም።

"እናቴ ሂጂና ጠይቂያቸው ብላኝ ነው። የትኛውን ትምህርት ላጥብቅ?"

ነገርኳት። ኬሚስትሪ አልኳት፣ ሒሳብ አልኳት፣ እንግሊዝኛሽን አትናቂ አልኳት። የውጭ ገንዘብ እንዴት እንደሚፈለግ፣ ማን ዘንድ እንደሚጻፍ፣ ደብዳቤ ላይ ምን እንደማይባል ነገርኳት። ሁሉንም ጻፈች። ጥያቄዋ ጥሩ ነው፣ ስለ ዋግ የጠየቀችኝን ጌጡ በአምስት ዓመት አልጠየቀኝም።

ሊመሽ ሲል ብዕሯን ሳትዘጋ፣ "እርስዎ መቼ ነው የሚመለሱት?" አለችኝ።

"በአራት ዓመት" አልኩ። አስቤበት አይደለም፣ ቅጹ ላይ ያለው ቁጥር ነው አፌ ላይ የመጣው።

ጎንበስ ብላ ዓመተ ምሕረቱን አሰላችና ጻፈችው። ከሥሩም አሰመረችበት። እናርመው እንዳልል ብዕሩ የእሷ ነው፣ ደብተሩም የእሷ ነው። በሩን ከፈትኩላት።